ጣት ወይስ ጊዜ? የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋች ዕድሜው ሲገፋ ምርጫው ለምን ይለወጣል

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በአደባባይ ሲነገር ንግግሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆች ነው። ወላጅ ስለ ልጁ ዓይን፣ መምህር ስለ ተማሪው ውጤት፣ ጋዜጠኛ ስለ ሱስ ይናገራል። ከሥራ መልስ ጆይስቲክ ስለሚያነሣው የአርባ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ወይም ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ስልኳን ከፍታ ግማሽ ሰዓት ስለምትጫወተው ነርስ የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ኢንዱስትሪ ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ የአገሩን ተጫዋቾች አማካይ ዕድሜ በሠላሳዎቹ ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩን በእርጋታ ካሰብነው የሚያስደንቅ አይደለም። ኒንተንዶ ፋሚኮም የተባለውን መሣሪያ በጃፓን ለሽያጭ ያቀረበው በ1983፣ ሶኒም የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ያወጣው በ1994 መጨረሻ ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋሚኮም ሲወጣ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ሃምሳን አልፏል፤ ፕሌይስቴሽን ሲወጣ በዚያ ዕድሜ ላይ የነበረውም አርባን ተሻግሯል። እነዚህ ሰዎች አድገው ጨዋታውን አልተዉትም፤ የሚጫወቱት ነገርና የሚጫወቱበት መንገድ ግን ተለውጧል።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህን ለውጥ የሚመለከት ነው። ለውጡ ሲነሣ ሁለት ማብራሪያዎች ቀድመው ይመጣሉ። አንደኛው ጣትና ዓይን እየዘገዩ ስለሚሄዱ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሰው እየበሰለ ሲሄድ የልጅነት ነገር ስለሚሰለቸው ነው ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ሁለቱንም በቂ ሆነው አላገኘኋቸውም። ዋነኛው ምክንያት ተጫዋቹ ያልተቆራረጠ ጊዜ ማጣቱና አብረውት ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች መበተናቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ያለኝን ማስረጃ ከማቅረቤ በፊት የፍጥነቱን ጉዳይ በሚገባ ማየት ይኖርብናል፤ ብዙ ሰው የሚያምነው እርሱን ነውና።

በ2014 በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 3,305 የስታርክራፍት 2 ተጫዋቾችን የጨዋታ መዝገብ መረመሩ። ስታርክራፍት ተጫዋቹ እንደ ጦር አዛዥ ሆኖ ሀብት የሚሰበስብበት፣ ሠራዊት የሚያደራጅበትና የሚያዋጋበት፣ ተራ መጠበቅ የማያውቅ ጨዋታ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ተመራማሪዎቹ የለኩት ተጫዋቹ ዓይኑን ወደ አዲስ የካርታው ክፍል ካዞረበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እስከሚሰጥበት ድረስ ያለውን ጊዜ ነበር። በውጤቱ መሠረት መዘግየቱ የሚጀምረው በ24 ዓመት ዕድሜ ነው፤ የተጫዋቹ ችሎታ ከፍተኛ መሆንም ከዚህ መዘግየት አያድነውም። ይህ ዜና በዓለም ዙሪያ ተራብቶ «በ24 ዓመት አረጀህ» የሚል ቀልድ ወለደ።

ከቀልዱ ጋር ሳይራባ የቀረው የጥናቱ ሌላ ክፍል ለእኔ የበለጠ ዋጋ አለው። አንደኛ፣ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ በማከናወን ችሎታ ላይ ተመሳሳይ የዕድሜ ቅናሽ አልታየም። ሁለተኛ፣ በዕድሜ የገፉት ተጫዋቾች ጨዋታው የሚሰጣቸውን አቋራጮች በመጠቀም የአእምሯቸውን ሸክም የሚያቀልሉ ይመስላሉ፤ ማለትም በፍጥነት ያጡትን በዘዴ ለመተካት ይሞክራሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሬይመንድ ካቴል ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት አዲስ ነገርን ፈጥኖ የመፍታት ችሎታና በልምድ የተጠራቀመ ዕውቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የፊተኛው ቀድሞ መቀነስ ሲጀምር የኋለኛው ግን እስከ ጉልምስናና ከዚያም በላይ እንደሚቆይ አስተምሮ ነበር። በጨዋታው ዓለም የምናየው ይህንኑ ነው።

«ታዲያ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በሃያዎቹ አጋማሽ ለምን ጡረታ ይወጣሉ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከጣት ውጭ ይገኛል። ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። የስታርክራፍትና አምስት አምስት ሰው በቡድን የሚጋጠምበት የሊግ ኦቭ ሌጀንድስ ታላላቅ ተጫዋቾች የሚበዙት ከዚያ ነው፤ በዚያ አገር ጤነኛ የሆነ ወጣት ወንድ ሁሉ ደግሞ በሃያዎቹ ዕድሜው ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ወታደራዊ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። በሙያው ጫፍ ላይ ሳለ ለዚያን ያህል ጊዜ ከውድድር የሚርቅ ሰው ሲመለስ ቦታውን ባያገኝ ጥፋቱን በነርቮቹ ላይ ማሳበብ አይገባም። በቀን ከዐሥር ሰዓት በላይ የሚወስደው ልምምድም ሰውን ያሰለቻል። ፌከር በሚል ስም የሚታወቀው ሊ ሳንግ ህዮክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1996 ተወልዶ በ2013 በ17 ዓመቱ የሊግ ኦቭ ሌጀንድስን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ2015ና በ2016 ደገመው፤ ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋንጫው ራቀውና «ጊዜው አለፈ» ተባለ። በ2023 የኮሪያ ቡድን በሃንጁ የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ሲያገኝ ከወታደራዊ አገልግሎት ነፃ የሚያደርገውን መብት አገኘ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ለንደን ላይ በ28 ዓመቱ እንደገና አሸንፎ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ይህ ሰው ከ17 ዓመቱ ይልቅ በ28 ዓመቱ ፈጣን ነበር የሚል ማንም የለም። ያሸነፈው መቼ መግባትና መቼ መታገሥ እንዳለበት ስለሚያውቅና የቡድን ጓደኞቹን ስለሚመራ ነው።

የጃፓኑ ዳይጎ ኡሜሃራ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። በ1981 የተወለደው ዳይጎ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚፋለምበት የስትሪት ፋይተር ተጫዋች ነው። በ2004 በአሜሪካ በተካሄደው ኢቮ በተባለው ውድድር ላይ፣ አንዲት ምት ብቻ ብትነካው በሚሸነፍበት ሁኔታ የተጋጣሚውን ተከታታይ ምቶች አንድ በአንድ መክቶ ሲያሸንፍ የተቀረጸው ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ማህጆንግ ወደተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ዞረ፤ ቀጥሎም በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጥሮ ሠራ። ተመልሶ በመጣበት ጊዜ በ2009ና በ2010 ኢቮን በተከታታይ አሸነፈ፤ በአርባዎቹ ዕድሜውም መወዳደሩን ቀጥሏል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተጋጣሚን ማንበብ ከጣት ፍጥነት ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ሠንጠረዥ የተባለው የእኛው ጥንታዊ የቼዝ ጨዋታ ይህን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጣምሮ ይዞት ነበር፤ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ጨዋታው ወደ ተራ በተራ ይዞርና እርጋታ ይነግሥበታል። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ሆኖ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ የሚጫወት የ18 ዓመት ወጣት፣ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ የሚያጣው ጊዜ ዕድሜ ከሚቀማው የሚያንስ አይመስለኝም፤ እርሱም ቢሆን አያቆምም።

ስለዚህ ፍጥነት መቀነሱ እውነት ቢሆንም፣ ከመቶ ተጫዋቾች ዘጠና ዘጠኙ በማይደርሱበት የውድድር ከፍታ ላይ ካልሆነ በስተቀር የጨዋታ ምርጫን የሚወስን ኃይል የለውም። ታዲያ ምርጫው የሚለወጠው በምንድን ነው?

ስለ ተጫዋቾች ፍላጎት ሰፊ መረጃ የሰበሰበው ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለው፣ ተመራማሪው ኒክ ዪ ከባልደረባው ጋር የመሠረተው የምርምር ድርጅት ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች የሞሉትን መጠይቅ በዕድሜ ሲከፋፍሉት፣ ከፍላጎቶች ሁሉ በዕድሜ ይበልጥ የሚቀንሰው ከሌላ ሰው ጋር የመፎካከር ፍላጎት ሆኖ ተገኘ። ቁልቁለቱ ከዐሥራዎቹ መጀመሪያ እስከ ሠላሳዎቹ አጋማሽ በጣም ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። በወጣትነት በወንዶችና በሴቶች መካከል የሚታየው የፉክክር ፍላጎት ልዩነትም እየጠበበ ሄዶ ከ45 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ ይጠፋል። ከሁሉም ያነሰ ለውጥ የታየበት ደግሞ አስቀድሞ የማሰብና የማቀድ፣ ማለትም የስልት ፍላጎት ነው። አያት ለምን በዳማ፣ የልጅ ልጅ ለምን በፕሌይስቴሽን እንደሚጠመዱ ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚነግረኝ አኃዝ አላገኘሁም።

የፉክክር ፍላጎት ለምን ይቀንሳል ለሚለው ብዙዎች ወንዶች ወጣቶች የሚኖራቸውን የሰውነት ቅመም (ሆርሞን) ይጠቅሳሉ፤ ያም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። እኔ ግን የጨዋታዎቹን አሠራር መመልከት ይሻላል ባይ ነኝ። የዛሬዎቹ የኦንላይን ጨዋታዎች እያንዳንዱን ተጫዋች በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ ተጋጣሚ የሚመርጡለትም አቅሙ የሚመጣጠነውን ሰው ነው። በዚህ አሠራር ማንም ሰው ግማሽ ያህሉን ያሸንፋል፣ ግማሽ ያህሉን ይሸነፋል፤ ከፍ ማለት የሚቻለው በአብዛኛው ከሌላው የበለጠ ሰዓት በማጥፋት ነው። የ16 ዓመቱ ተማሪ በክረምት እረፍቱ በሳምንት አርባ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል። የ36 ዓመቷ የባንክ ሠራተኛ በሳምንት አራት ሰዓት ካገኘች ደስተኛ ናት። እርስዋ ደረጃዋ ዝቅ ሲል ተበሳጭታ ብትተወው፣ መጠይቁ «የፉክክር ፍላጎት ቀንሷል» ብሎ ይመዘግባታል፤ በእውነቱ የቀነሰው ሰዓቷ ነው። ሌላም አለ። ቀኑን ሙሉ ከአለቃው፣ ከኑሮ ውድነቱና ከታክሲ ሰልፍ ጋር ሲታገል የዋለ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከማያውቀው ጎረምሳ ስድብ ለመስማት ጆሮ ማዳመጫ የሚያደርግበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም።

ጊዜ ስል የሰዓቱን ብዛት ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የሰዓቱ ቅርጽ ከብዛቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ጎልማሳ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ሊኖረው ይችላል፤ ችግሩ ይህ ሁለት ሰዓት በዐሥር ደቂቃ፣ በዐሥራ አምስት ደቂቃ ተቆራርጦ መምጣቱና እያንዳንዱ ቁራጭ መቼ እንደሚቋረጥ አለመታወቁ ነው። አንድ የሊግ ኦቭ ሌጀንድስ ግጥሚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከተጀመረ በኋላ ማቆም አይቻልም፤ ጥሎ የወጣ ሰው ይቀጣል፤ አራት የቡድን ጓደኞቹም ይረግሙታል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ይህን ቃል መግባት አይቻልም። ስለዚህ አዲስ አባት የሆነ ሰው ሳያውቀው ወደ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ይንሸራተታል፤ በፈለገው ቅጽበት ሊያቆመው ወደሚችለው፣ ተራ በተራ ወደሚካሄደው፣ ስልክ ላይ ወዳለው። ካንዲ ክራሽ ሳጋ በ2012 ወጥቶ ያን ያህል ሕዝብ ያገኘው ከረሜላ ማዛመድ ጥልቅ ጥበብ ስለሆነ አይደለም፤ አንዱ ዙር በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅና በማንኛውም ሰዓት ተከፍቶ ስለሚዘጋ ነው። ኒንተንዶ በ2017 ያወጣው ስዊች የተባለው መሣሪያም በጎልማሶች ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት አንዲት ቁልፍ ሲጫን ጨዋታው ባለበት የሚያንቀላፋ፣ ሲከፈትም ከዚያው የሚቀጥል መሆኑ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩ ብዙ ጨዋታዎች ግን ተጫዋቹ የደረሰበትን መዝግቦ ለመውጣት ወደ ተወሰነ ቦታ እስኪደርስ እንዲጫወት ያስገድዱት ነበር፤ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው ወጣቶች ስለነበሩ ይህ ችግር ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል አንድ የሚያስቅ ግጭት ይፈጠራል። በ15 ዓመት ጊዜ አለ፣ ገንዘብ የለም፤ በ35 ዓመት ገንዘብ አለ፣ ጊዜ የለም። ጎረምሳው አንዱን ጨዋታ ደግሞ ደጋግሞ እስኪያልቅበት ይጨርሰዋል፤ ጎልማሳው በቅናሽ ወቅት ዐሥር ጨዋታ ገዝቶ አንዱንም አይከፍትም። የርዝመት ሚዛኑም ይገለበጣል። በልጅነቱ «መቶ ሰዓት ይፈጃል» ሲባል ዓይኑ የሚያበራ ተጫዋች፣ በጎልማሳነቱ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሲሰማ ጨዋታውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። «ቀላል» የሚለውን የችግር ደረጃ መምረጥ ቀድሞ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር፤ አርባዎቹን የተሻገረ ሰው ያለ አንዳች ማመንታት ይመርጠዋል፤ ታሪኩን ማየት እንጂ አንድን ጠላት ሃያ ጊዜ እየሞቱ መጣል አይፈልግምና። ከዚህም አልፎ ብዙዎች መጫወቱን ትተው ሌላው ሲጫወት ማየት ይጀምራሉ። እግር ኳስ መጫወት ያቆመ ሰው እግር ኳስ ማየት እንደማያቆም ሁሉ፣ ዩቲዩብና በ2011 የተመሠረተው የጨዋታ ቀጥታ ማሳያ ድረ ገጽ ትዊች ለዚህ ሰው ሜዳውን በሳሎኑ አስቀምጠውለታል። ይህን «እውነተኛ ተጫዋች አይደለም» ብሎ የሚንቅ ክርክር እሰማለሁ፤ ጊዜ ማጥፋት የሚገባው ክርክር አይመስለኝም።

የእኛ አገር ሁኔታ በዚህ ላይ የራሱ መልክ አለው። አብዛኛው የከተማ ልጅ ቪዲዮ ጨዋታ የተማረው በቤቱ ሳይሆን በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 2 በእነዚህ ቤቶች አማካይነት አንዱ ለመቶ ልጅ አገልግሏል። እዚያ የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተሸናፊው ይከፍላል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ከኋላ ቆመው ይጮኻሉ። ይህ የክፍያ ሥርዓት ጣዕምን ቀረጸ። ዐሥር ደቂቃ የሚወስደው፣ ለሁለት የሚሆነው፣ ለተመልካችም የሚጥመው እግር ኳስ ነገሠ፤ ሃምሳ ሰዓት የሚፈጁት፣ ብቻን ተቀምጦ የሚነበቡት የታሪክ ጨዋታዎች ቦታ አላገኙም። ሌላው ዓለም በጎልማሳነቱ የሚደርስበትን አጭር ግጥሚያ የእኛ ልጆች ከመጀመሪያው ያውቁታል። ስለዚህም ብዙ የሠላሳ አምስት ዓመት ኢትዮጵያዊ ዛሬም ፊፋ ከተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ያልወጣ ቢመስል አይድነቃችሁ፤ የልጅነቱ ጨዋታ በቅርጹ ለጎልማሳ ኑሮ አስቀድሞ የተመቸ ነበር። ያጣው ከኋላ ቆመው የሚጮኹትን ልጆች ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ምክንያት፣ ወደ ጓደኞቹ መበተን ያደርሰናል። በአንድ ሰፈር አድገው በአንድ ክፍል ሲጫወቱ የነበሩ አምስት ልጆች፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ዱባይ ሆነው ይገኛሉ። ኢንተርኔት ያገናኛቸዋል ይባላል፤ ነገር ግን ዋሽንግተን ያለው ከሥራ ሲወጣ አዲስ አበባ ያለው ተኝቷል። ዎርልድ ኦቭ ዎርክራፍት የተባለው ጨዋታ በ2004 ሲወጣ ከባድ ጠላቶቹን ለመጣል አርባ ሰው በአንድ ሰዓት ተሰብስቦ ለረጅም ሰዓት መዋጋት ነበረበት፤ ይህ የተማሪ ዓለም አሠራር ነው። ሠሪዎቹ በ2007 ቁጥሩን ወደ ሃያ አምስት ዝቅ አደረጉት። በ2019 ደግሞ የጥንቱን ጨዋታ እንደነበረ መልሰው ሲያወጡት በልጅነታቸው የተጫወቱት ሰዎች በብዛት ተመለሱ። የሆነው ግን ከጠበቁት የተለየ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ለወራት ያስቸገረው ራግናሮስ የተባለው ታላቅ ጠላት በዚህኛው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደቀ፤ ዘዴው ሁሉ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። ጨዋታው እንዳለ ተመልሷል፤ ያኔ የነበረው አለማወቅና ማለቂያ የሌለው ምሽት ግን ኩባንያ ሊሸጠው የሚችል ነገር አይደለም።

የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ምሁር ሎራ ካርስተንሰን፣ ሰዎች የቀራቸው ጊዜ እየጠበበ እንደሆነ ሲሰማቸው አዲስ ትውውቅ ማብዛትን ትተው ቅርብ ለሆኑት ጥቂት ሰዎች ትኩረታቸውን እንደሚሰጡ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አላት። በጨዋታ ምርጫም ይህ ይታያል። በዐሥራ ስምንት ዓመት ከማያውቁት ሰው ጋር መጋጠም ራሱ ደስታ ነው፤ በአርባ ዓመት ግን ሰው የሚመርጠው ከሚስቱ፣ ከወንድሙ ወይም ከልጁ ጋር ተባብሮ የሚጫወተውን ነው። ብዙ አባት ማይንክራፍትን የተማረው ከልጁ ነው። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ሥልጣን ይገለበጣል፤ ልጁ ያስተምራል፣ አባት ይሳሳታል፣ ልጁ ይስቃል። ይህን መታገሥ የማይችል አባት በቤቱ ብቻውን ይጫወታል።

ስለ አካል ለውጥ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና። አርባን ሲሻገሩ ቅርብ ያለ ጥቃቅን ፊደል ማንበብ ያስቸግራል፤ የጨዋታ ሠሪዎች ግን ጽሑፋቸውን በሃያ አምስት ዓመት ዓይን ይመዝናሉ። ማይክሮሶፍት በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ያወጣው ትላልቅ ቁልፎች ያሉት መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም በብዙ አዳዲስ ጨዋታዎች የሚገኙት ፊደል የማሳደግና ቁልፍ የመቀየር አማራጮች፣ የጣት ቁርጥማት ያለባቸውን አዛውንቶችም ጠቅመዋል።

ስለ አዛውንቶች ከተነሣ ዘንድ ሁለት ነገር ልጨምር። በ2006 የወጣው የኒንተንዶ ዊ በብዙ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ገብቶ ነበር፤ ምክንያቱም እጅን እንደ ቦውሊንግ ተጫዋች ማወዛወዝ እንጂ ዐሥራ ሁለት ቁልፍ ማስታወስ አይጠይቅም። ይህን አይቶ «አዛውንት ቀላል ነገር ብቻ ይወዳል» ብሎ የሚደመድም ሰው ግን በ2017 የተመሠረተውን ሲልቨር ስናይፐርስ የተባለ የስዊድን አረጋውያን ቡድን ይመልከት፤ የሚጫወቱት ፈጣን የተኩስ ጨዋታ የሆነውን ካውንተር ስትራይክን ነው። ጃፓናዊቷ ሃማኮ ሞሪ በ1930 ተወልደው፣ በ90 ዓመታቸው በዩቲዩብ ጨዋታ የሚያሳዩ በዓለም በዕድሜ ትልቋ ሰው ተብለው በጊነስ ተመዝግበዋል። ሁለተኛው ነገር፣ ጨዋታ የአእምሮ መድኃኒት ነው የሚለው ነው። በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ኒውሮሬሰር የተባለ ለምርምር የተሠራ የመኪና ጨዋታ ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ለአንድ ወር ካለማመዱበት በኋላ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የማከናወን ችሎታቸው ካልሠለጠኑ የሃያ ዓመት ወጣቶች በልጦ መገኘቱን አሳተሙ፤ ውጤቱም ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም። ጥናቱ ብርቱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ማንኛውም የስልክ ጨዋታ መርሳትን ይከላከላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሉሞሲቲ የተባለውን የአእምሮ ማሠልጠኛ የሚሸጠው ኩባንያ በ2016 በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአሳሳች ማስታወቂያ ተከሶ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ከዚህ የተነሣ ነው። አያታችሁ መጫወት ከፈለጉ ደስ ስለሚላቸው ይጫወቱ፤ መድኃኒት ተብሎ አይታዘዝላቸው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዛሬን የ20፣ የ40ና የ60 ዓመት ሰዎች ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር፣ አንድን ሰው ለአርባ ዓመት ከመከተል ጋር አንድ አይደለም። የዛሬዋ የ65 ዓመት ሴት ካንዲ ክራሽን የምትመርጠው 65 ዓመት ስለሞላት ነው? ወይስ በ15 ዓመቷ ጆይስቲክ ስላልጨበጠች? ስታርክራፍትን በ1998 የጀመረው ኮሪያዊ 65 ዓመት ሲሞላው የሚመርጠው የእርስዋን ጨዋታ ይሆናል ብዬ አላምንም። ሰው በዐሥራዎቹና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያገኘውን ሙዚቃ ዕድሜ ልኩን እንደሚወድ ሁሉ የጨዋታ ጣዕምም ከዚያው ዘመን ሥር ይሰዳል። ኒንተንዶ በ2016 የጥንቱን መሣሪያ በመዳፍ መጠን ሠርቶ ባቀረበ ጊዜ ከመደብር ወዲያው ያለቀው፣ እንደሚመስለኝ፣ በከፊል የሠላሳና የአርባ ዓመት ገዢዎች ስለተሻሙበት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ትውልድ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። በ2000 የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ወረፋ የጠበቀ ሰው ዛሬ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ደመወዝ አለው፣ ልጆች አሉት፣ ስልክ አለው። ከሱቅ ደጅ በቆርኪ ዳማ የሚጫወትን ሽማግሌ ማንም አይታዘበውም፤ ጆይስቲክ የያዘን የአርባ ዓመት ሰው ግን ሚስቱም ጎረቤቱም ይታዘቡታል። እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ዳማው በአደባባይ፣ በሰው መሐል፣ ለመካሪና ለተሳዳቢ ተመልካች ክፍት ሆኖ መካሄዱ ነው። ጆይስቲኩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሰው ከቤተሰቡ የሸሸ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሸሽቶ ነው።

ጨዋታ የምትሠሩ ወጣቶች በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአገራችን ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ ማምጣቱ ለዚህ ዕድሜ የተመቸ ምርጫ ነበር፤ ተራ በተራ ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ስልክ ተቀባብሎ ሊጫወተው የሚችል ዓይነት ነው፣ አባትም ልጅም አስቀድመው ያውቁታል። የእናንተን ጨዋታ የሚሞክሩላችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የክፍል ጓደኞቻችሁ ናቸው፤ ሁሉም ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ ይችላሉ። ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ልጆች ላሏት አንዲት የአርባ ዓመት ሴት ስጧትና በግጥሚያው መሐል ስልኳን ደውሉላት። ተነጋግራ ስትመለስ ጨዋታው ካቆመችበት ካልጠበቃት፣ ፊደሉንም ለማንበብ ስልኩን ከፊቷ ካራቀች፣ ገና አልጨረሳችሁም።